የሲባጎ እግሮች

ልጄ ጦር ኃይሎች ሰፈር ሄዳ ያሳተመችው ወረቀት አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። የማተሚያ ቤቱ ሽታ ገና አልለቀቀውም። ከክፍሏ ልጆች ጋር በቡድን የሠሩት ኢንፎግራፊክ፣ ቁጥርን በሥዕል የሚያሳይ ወረቀት ነው፤ ወላጆች ልጆቻቸውን በንባብ እንዲያግዙ ለማሳመን ነው አለችኝ። ትንንሽ ሰዎች በመስመር ተደርድረውበታል። የመጨረሻው ሰው ከወገቡ በታች የለም።

«ይሄኛውስ?» አልኳት።

«አባዬ ደግሞ! አንዱ ሰው አስር ሰው ነው። ግማሹ አምስት ነዋ። ሲምፕል እኮ ነው።»

ወረቀቱን መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን ታሪክ ለልጆቼ አውርቼላቸው አላውቅም። ላንተ ልንገርህ።

ስምንተኛ ክፍል ነበርን፤ እዚሁ ኮልፌ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከቆሼ፣ ከቆሻሻ መጣያው በኩል ሲመጣ መስኮት እንዘጋለን። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ስለሚጮህ መምህሩ መናገሩን ትቶ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ኢንፎግራፊክ የሚባል ስም ያኔ ጆሯችን አልደረሰም። የሥነ ዜጋ መምህራችን «አሳማኝ ሥዕል» ነበር የሚለው። ሦስት ሦስት አድርጎ መደበንና፣ «ሥዕሉ ራሱ ይናገር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ አይቶት ሐሳቡን ይለውጥ» አለን። የወላጆች ቀን ላይ ይቀርባል ተባለ።

ከኔ ጋር የተመደቡት የክፍሉ አለቃና ሥዕል የምትችለው ልጅ ናቸው። አለቃው ማስመሪያ ከእጁ አይለይም። እኔ ያለኝ አፍ ብቻ ነበር።

ርዕሱን የመረጠችው እሷ ናት፤ ከእኛ ጋር አንደኛ ክፍል ጀምረው ትምህርት ያቋረጡ ሴት ልጆች። ለምን እንደመረጠችውም አልደበቀችንም። አባቷ ከገበያው ጫፍ ተቀምጠው የተቀደደ ጆንያ እየሰፉ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ ሲባጎውን በመርፌው ቀዳዳ ማስገባት አቅቷቸው ነበር። አላፊ አግዳሚውን «እስቲ ይቺን አስገባልኝ» እያሉ ይለምናሉ። ስለዚህ ልጅቱ ትምህርቷን ትታ አጠገባቸው እንድትቀመጥ ወስነዋል። አልቅሳ፣ ለምና፣ በመጨረሻ አንድ ቃል አገኘች፦ «መጥቼ አየዋለሁ። ካሳመናችሁኝ ትቀጥያለሽ።»

«እኔ ፊቱ ቆሜ መናገር አልችልም» አለችኝ። «አንተ አፍ አለህ። አሳምንልኝ።»

«ጣጣ የለውም» አልኳት።

ነጭ ወረቀት በኮላ የለጠፍንበትን ጆንያ ያመጣችው ከአባቷ ነው። ዛሬም ጆንያ ሲሸተኝ፣ ያ የደረቀ ሣርና የናፍጣ ሽታ፣ ጣቶቼ ላይ ኮላ የደረቀ ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ላይ ተንበርክካ ትስል ነበር። ደብተር የታቀፉ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ሳለች። አንዷ ሥዕል አስር ልጅ ናት። የመጨረሻዎቹ አምስቱ ግን ለአንድ ሥዕል አልሞላ አሉ።

«አምስቱን ትንንሽ አድርጌ ልሳላቸው» አለች። «እንደዚያ ቢሆን ለአባቴ ይገባዋል።»

«ሒሳቡ ይበላሻል» አለ አለቃው።

«በወገቧ ቁረጫት» አልኩ እኔ። መምህሩ ማርክ የሚሰጠው ለትክክለኛ ቁጥር እንደሆነ አውቃለሁ።

«እግር ከሌላት በምን ትሄዳለች?»

«ትምህርት ቤት ቀርታ የለ? እግር ምን ያደርግላታል!»

ሳቅን። እሷም ሳቀችና ሳለቻት። ከቀሚሷ መቀነት በታች ነጭ ወረቀት ሆነ።

የወላጆች ቀን አባቷ መጡ። የታጠበ ኮት ለብሰዋል፤ ኮሌታው ላይ ግን የጆንያ መርፌያቸው እንደተሰካ ነበር፤ ረስተውት ይሁን ለምደውት አላውቅም። ከሰው ሁሉ ፊት ቀድመው ሥዕሉ ሥር ቆሙ። እኔ በቀርከሃ ዱላ እየጠቆምኩ ተናገርኩ። ጥሩ ተናገርኩ። እሳቸውም ከልባቸው ይሰሙኝ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ተከተሉና መጨረሻዋ ላይ ቆሙ።

«ይቺስ? እግሯን ምን በላው?»

«አባባ፣ አንዷ አስር ልጅ ናት። ግማሿ አምስት ናት።»

«ግማሽ ጆንያ አውቃለሁ፤ ግማሽ ልጅ ግን አይቼ አላውቅ» አሉ። «ሰው ይገመሳል እንዴ?»

ሰው ሳቀ። የሳቀው ከእሳቸው ጋር ነበር፤ እኔ ግን በእኔ የሳቀ መሰለኝ። የተሸነፍኩ መሰለኝ። አፌም እንደልማዱ ቀደመኝ።

«አባባ፣ ይሄ የተሠራው ለሚያነብ ሰው ነው፤ ለጆንያ ሰፊ አይደለም።»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ያጨበጨበም ነበር። ሥዕሉ የተሠራው ፊደል ላልቆጠረ ሰው እንደሆነ ከመምህራችን በቀር ያስታወሰ አልነበረም፤ እሱም አንገቱን ደፋ። አባትየው እኔን አላዩኝም። ልጃቸውን ነው ያዩት። እሷ ቀለም የነካውን ጣቷን ታሻሽ ነበር።

«እንግዲያው ለሚያነበው ሰው ንገሩት» አሉና ሄዱ።

አንደኛ ወጣን። እስክሪብቶ ተሸለምን፤ የእሷንም እኔ ተቀበልኩላት። በሩ ላይ ደርሼ ልሰጣት ስል እጇን አልዘረጋችም።

«አሳምንልኝ እንጂ አስቅበት አልኩህ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም።

ልጆቼን «ሰውን ማሳመን የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ አክብሩት፤ ያዋረዳችሁት ሰው እውነት ብትነግሩትም አይሰማችሁም» እያልኩ አሳድጌያቸዋለሁ። ምክሩን ከየት እንዳመጣሁት ግን ደብቄያቸዋለሁ። እኔም በዓመቱ ትምህርት አቋርጬ፣ ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ከአሮጌ መጻሕፍት ብቻዬን ነው የለቀምኩት። ምንም ብለቅም ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ወደ አፌ የምመልስበት መንገድ አላገኘሁም። አንዳንዴ «ባልናገርም ይወስዷት ነበር፤ የደከመ ዓይን በሥዕል አይድንም» እላለሁ። እውነት ሊሆን ይችላል። አያጽናናኝም።

ከወላጆች ቀን በኋላ በነበረው ሰኞ ከሰዓት ሥዕሉ ወደተሰቀለበት ኮሪደር ሄድኩ። ግማሿ ልጅ እግር አውጥታለች። ወረቀቱንና ጆንያውን አንድ ላይ ወግቶ፣ አንድ ሰው ሁለት እግር በሲባጎ ሰፍቶላታል። አንደኛው ከሌላው ይረዝማል፤ ስፌቱ ጠማማ ነው፤ ግን ጠብቋል። የተቀደደ ጆንያ አፍ የሚዘጋበት ዓይነት ስፌት።

ዘበኛውን ጠየቅሁት። «ያ ጆንያ ሰፊ ነዋ» አለኝ። «የሴት ልጁን መልቀቂያ ሊወስድ አብሯት መጥቶ፣ ዳይሬክተሩ እስኪመጣ እዚህ አግዳሚ ላይ ሁለቱም ተቀምጠው ነበር። ምን እንደሚሠሩ አላየሁም።»

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ጆንያው ዕቃ ግምጃ ቤቱ ደጃፍ ተነጥፎ የጫማ መጥረጊያ ሆኖ ነበር። ወረቀቱ በጭቃ አልቋል። ሲባጎው ግን አልተበጠሰም። አላነሳሁትም፤ ተሻግሬው ገባሁ። በገበያው ጫፍም ዳግመኛ አላለፍኩም።

እስከ ዛሬ ስለ አባትየው እጅ ብቻ ነበር የማስበው። ልጃቸውን ለመውሰድ በመጡበት ቀን ለሥዕል ልጅ እግር ስለሰፋው እጅ። ዛሬ ይህን ወረቀት አስቀምጬ፣ ልጄ በወዲያኛው ክፍል ዓርብ ስለ ወረቀቱ የምትናገረውን ስትለማመድ እየሰማሁ፣ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ያላየሁትን አየሁ። ያ የደከመ ዓይን ሲባጎ በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አይችልም ነበር። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁለት ናቸው። የሲባጎውን ጫፍ በምራቋ አርጥባ፣ በጣቶቿ አሹላ፣ በቀዳዳው ያስገባችላቸው እሷ ናት። ሥራዋን የጀመረችው እዚያው ነው።