ከቢንጎ በፊት የሚዘፍነው ሰውዬ

በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ የሠራተኞች ክበብ ቢራ የምትቀዳው ግሌንዳ፣ እሑድ እሑድ ቀትር ላይ ሰውዬው ሲገባ ባየች ቁጥር ሳቋን የምትይዘው ከንፈሯን ነክሳ ነው። ሰባውን አልፏል። ክርኑ የሳሳ የከፋይ ኮት ይለብሳል፤ ሰው በሙቀት እያለከለከ እሱ አንገቱን በሐር ሻርፕ ጠምጥሞ ይመጣል። ሌላው ቢራ ሲያዝ የሱ ትእዛዝ ለብ ያለ ውሃ በማር ነው። ጫማው ግን መስተዋት ነው።

የሚዘፍነው ሁልጊዜ ያንኑ አንድ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ዘፈን ነው፤ ግሌንዳ በኮረዳነቷ ሸክላው እስኪያልቅ የሰማችውን። ማይኩን ጨብጦ ወገቡን ሊሰብቅ ይሞክርና ጉልበቱ እምቢ ሲለው በትከሻው ያካክሰዋል። መሃል ላይ ሲደርስ የቢንጎውን ዕጣ ቁጥር የሚጠራው አጫዋች፣ "ጎሽ አባት፣ ይበቃል! ካርድ ያልያዛችሁ ያዙ!" ብሎ ያቋርጠዋል። እሱም ቅር ሳይለው እጅ ነስቶ ይወርዳል።

ባለፈው እሑድ ግን የቢንጎው ማሽን ተበላሸና ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ዘፈነ። ግሌንዳ ውሃውን ስታቀብለው አላስቻላትም።

"የኔ ሆድ፣ ድምፅህስ አይከፋም። መጨረሻዋን ግን አበላሸሃት። ሸክላው ላይ እኮ እዚያ ጋ ድምፁ ሻክሮ ቁርጥ ይላል። ስንት ቀን ያለቀስኩት በሷ ነው! አንተ ዝም ብለህ አለፍካት።"

ሰውዬው ሻርፑን አስተካከለ፤ እንደ ተቆጡት ተማሪም አንገቱን ደፋ።

"እውነትሽን ነው፣ እመቤቴ" አላት። "ሸክላው የተቀረጸ ዕለት ጉንፋን ይዞኝ ነበር።"