ወይራ አምባ ላይ ዶዘር ያስቆምኩ ጊዜ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከወልድያ ወደ መርሳ የሄድኩት በሚኒባስ ነበር። የመስኮቱ መስታወት አልዘጋ ብሎ ንፋሱ ሻርፔን ከአንገቴ ሊነጥቀኝ ይታገላል። ከተራሮቹ ግርጌ ያለው ሜዳ በጠዋት ጉም ተሞልቶ ከማሽላው ራስ ራሱ ብቻ ይታያል። አገሩ በእንቅልፍ ውስጥ ያለ፣ ጮክ ብለው ቢናገሩ የሚነቃ ይመስል ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ጭልጥ ብለው ተኝተው ነበርና እኔም መርሳ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

የቡድን መሪዬ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። የወረዳው የመሬት ጥበቃ ቢሮ ገብቼ ወንበር ሳልይዝ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች፣ አንድ ጥቅል ሲባጎና ትንሽ የውሃ ልክ አሸከሙኝ። «ችካሉና መዶሻው መኪናው ላይ አለ» ብለው ወጡ። ተከተልኳቸው።

የወሰዱኝ ከከተማው ዳር አንድ ነጋዴ መጋዘን ሊሠራበት ወዳስጠረገው ተዳፋት ነው። ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ቀዩ አፈር ተራቁቷል። ጋሽ ደምሴ ከጀሪካን ውሃ መሬቱ ላይ ለቀቁና «በይ ተከተይው» አሉኝ።

«ማንን?»

«ውሃውን ነዋ።»

ተከተልኩት። ውሃው አፈር እየላሰ፣ እየደፈረሰ ወረደና በአንድ አጥር ሥር ሾልኮ የፓፓያ ጓሮ ውስጥ ገባ። አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ሳይ የጓሮው ባለቤት ብቅ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ጠፋሽ?»

«ምንም አልጠፋኝም እማማ፤ ውሃ እየተከተልኩ ነው።»

«ማሻአላህ! ለዚህም ደሞዝ ይከፈላል?» ብለው እስኪበቃቸው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ነጋዴው ግን ከላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሳይቆፍር መሠረት እንዳያወጣ ጋሽ ደምሴ ያን ዕለት ጻፉለት።

ሥራችንን ለማያውቅ ባጭሩ ልናገር። በወረዳችን ደንብ መሠረት ተዳፋት ላይ ዛፍ የሚመነጥር ወይም መሬት የሚደለድል ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። እኛ ሄደን ተዳፋቱን እንለካለን፤ የማይነኩትን ዛፎች ኖራ እንቀባለን። የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ይከመራል። ከቆረጣው በፊት ቦይ ይወጣል። የተቆረጠ አፈር ወደ ታች አይገፋም። ክረምት ሲገባ ማሽን ይቆማል። ደንቡ ይኸው ነው፤ ወረቀት ላይ ሲያዩት አጭር ነው።

ሰው ግን በቀላሉ አይቀበለውም። አንድ ባለሀብት «በሊዝ በወሰድኩት ቦታ ላይ ቁጥቋጦ ለመቁረጥ ያንቺን ፈቃድ ልጠይቅ?» ብሎ ጮኸብኝ። «ቁጥቋጦውስ ያንተ ነው ጋሼ፤ ሥሩ የያዘው አፈር ሲለቅ የሚያርፈው ግን ሌላ ሰው ቤት ላይ ነው» አልኩት። መኪናውን አስነስቶ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ ኖራ የምንቀባበትን ቀን ጠየቀኝ። ምን እንዳለዘበው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዓመታት ሲያልፉ ዓይኔ ሌላ ዓይን ሆነ። ሠርግ ተጠርቼ ስሄድ የማየው ሙሽሮቹን ሳይሆን ከድንኳኑ ጀርባ ያለውን ገደል ነው። አንዳንድ ቅዳሜ ሐራ ገበያ ስሄድ ለባቡሩ የተደለደለውን መሬት ቆሜ አየው ነበር። ሜዳውን ሰንጥቆ ይሄድና ርቀቱ ውስጥ ይሟሟል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲንቀጠቀጥ መሬቱ ራሱ የሚሳብ ይመስለኛል። ስተኛ ደግሞ ተዳፋት በህልሜ ይመጣል፤ ኮረብታዎች ልክ እንደ ከብት ቀስ ብለው ተነስተው ቦታ ሲለዋወጡ አያለሁ። ለባለቤቴ ስነግረው «የመሥሪያ ቤት ህልም ነው» ይለኛል።

ከፍተኛ ባለሙያ ከሆንኩ በኋላ ነው የወይራ አምባ ነገር የመጣው። ወይራ አምባ ከዋናው አስፋልት ርቆ ከተራራው ትከሻ ላይ ያለ መንደር ነው። በግንቦት ወር አንድ ጠዋት ከታች ያሉ ገበሬዎች ስልክ ደወሉ፦ «ላይ ዶዘር ገብቷል፤ ድንጋይ እየወረደብን ነው።»

ባጃጁ መውጣት እስከቻለበት ወጣሁ፤ የቀረውን በእግሬ። ማሽኑን ሳላየው ሰማሁት፤ ድምፁ ከተራራው ሆድ የሚወጣ ማጉረምረም ነበር። ስደርስ መንደሩ በሙሉ ወጥቷል። ሴቶች እልል ይላሉ። ለኦፕሬተሩ እርጎ በቅል ይዘውለታል። ፈቃድ የጠየቀ የለም፤ ሕዝቡ አዋጥቶ በራሱ የተከራየው ዶዘር ነው። ቀጥ ያለውን ተዳፋት በአግድሙ እየቆረጠ አፈሩን ከነወይራው ወደ ታች ይገፋል። ከታች ምንጩ አለ፤ ከምንጩ ሥር እርከኑና ቤቶቹ። ከቆረጣው በላይ ባለው መሬት ላይ እጄ የሚገባበት ስንጥቅ አየሁ።

እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። ኦፕሬተሩ ሙሄ ይባላል፤ በሌሎች ሥራዎች ያውቀኛል። ሞተሩን አጠፋው። አቧራው በፀሐዩ ውስጥ ተንሳፍፎ ቀረ፤ እልልታው በመሃል ተቆረጠ።

ሼህ ይማም የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። በዝግታ ወደ እኔ መጡ።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ።»

«ወአለይኩም ሰላም አባባ። እንደምን አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። ምን አጥፍተን ነው?»

ስንጥቁን አሳየኋቸው። ክረምቱ ሲገባ ተራራው ይለቃል፤ ምንጩን ይደፍናል፤ ቤቶቹ ላይ ይወርዳል አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አዩት። ቀና ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም።

«ራቢያ የምትባል ልጅ ነበረችኝ። ምጥ ይዟት በቃሬዛ አወረድናት። እዚያ፣ ያ ትልቁ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ዝም አለች። መንገድ ቢኖር መኪና ደጃችን ድረስ ይመጣ ነበር። አንቺ አፈሩን ትጠብቂያለሽ፤ መልካም። እኛስ ነፍሰ ጡሮቻችንን በምን እንጠብቅ?»

እገዳውን ግን ጻፍኩ። ሼህ ይማም ወረቀቱን ተቀብለው አጣጠፉትና «ሥራሽን ሠራሽ» አሉኝ። ሰዉ አንድ በአንድ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። እርጎውን የያዘችው ሴት ቅሉን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ከዚያ እሷም ሄደች።

መርሳ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ጋሽ ደምሴ በዚያን ጊዜ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሆነው ጡረታቸው ተቃርቧል።

«ሐዋ፣ ሕዝብ በራሱ ጉልበት መንገድ ሲያወጣ ሐዋ ከለከለች እየተባለ ከላይ ይደወልልኛል።»

«መሬቱ ተሰንጥቋል ጋሽ ደምሴ። ሄደው ይዩት።»

«አንቺ ካየሽው አይቼዋለሁ። የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ሰዎቹ በየት ይውጡ?»

«ሌላ መስመር ይኖራል።»

«ታዲያ ፈልጊዋ።»

ፈልጊ ማለት ግን ደብዳቤ ነው፣ ስብሰባ ነው፣ የሦስት ጽሕፈት ቤት ፊርማ ነው። ሳምንታት ሄዱ። ተራራው ላይ ስወጣ ሰኔ ገብቷል። ሼህ ይማም ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሙሄም ነበር፤ ዶዘሩ ሥራ ፈቶ ስለቆመ እሱም መንደሩ ውስጥ ከርሟል።

«ዘንግ የሚይዝ ሰው ያስፈልገኛል» አልኩ።

«አምጪው» አሉ ሼህ ይማም።

አንዱን ዘንግ እሳቸው፣ ሌላውን ሙሄ ያዙ። ሲባጎውን በመሃላቸው ወጥረን የውሃ ልኩን መካከሉ ላይ ሰቀልኩ። የእኔ ሥራ መሃል ቆሜ የልኩን አረፋ ማየት ነው። ከቀትር በፊት ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ ዋጠን። መጀመሪያ ሙሄ ጠፋ፤ ቀጥሎ ሼሁ ጠፉ። የቀረኝ ከነጭ ነገር ወጥቶ ነጭ ነገር ውስጥ የሚገባ ሲባጎ ብቻ ነው።

«ትንሽ ወደ ላይ፣ አባባ» እላለሁ።

«ይሄው» ይላል ከጉሙ ውስጥ ድምፃቸው።

«ትንሽ ይመለሱ። በቃ! እዚያው ላይ ይትከሉት።»

የችካል መምቻው ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ሁላችንም አንድ እርምጃ ወደማናየው እንሄዳለን። ሰዓት የሚባል ነገር ያለ አይመስልም ነበር። በመሃል ሼህ ይማም ሳልጠይቃቸው ስለ ራቢያ ማውራት ጀመሩ። ፊታቸውን አላይም፤ ፊቴን አያዩም። ልጅ ሳለች ጉም ሲወርድ ውጭ ወጥታ አፏን ከፍታ ትበላው እንደነበር ነገሩኝ። «ጠገብኩ ብላ ትገባለች» አሉና ሳቁ። ሲባጎው በእጃቸው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አረፋው ተንቀሳቀሰብኝ። እስኪረጋ ድረስ ጠበቅኩ።

አዲሱ መስመር ረጅም ነበር። በተራራው ትከሻ እየዞረ፣ ድንጋያማውን እየያዘ፣ ከምንጩ ርቆ ይወርዳል። ሙሄ ከታች ጀምሮ ቆረጠ። አፈሩን እንደ ድሮው አልገፋም፤ እየተጫነ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ተደፋ። ግማሹ እንዳለቀ ዝናቡ ገባና በደንቡ መሠረት አስቆምኩት። የቀረው ችካል ብቻ ሆኖ ከረመ።

በነሐሴ የአዲሱን መንገድ ቦይ ለማየት ወጣሁ። መንደሩ ስገባ የሼህ ይማም የወንድማቸው ልጅ ፋጤ ምጥ ላይ ነበረች። ቃሬዛው ተዘጋጅቷል። በአሮጌው የእግር መንገድ ሊያወርዷት ወንዶቹ ቀድመው አዩና ተመለሱ። በግንቦት ያስቆምኩት የመጀመሪያው ቆረጣ በዝናቡ ወርዶ መንገዱንም ምንጩንም ደፍኖታል። ከታች ያሉት ሰዎች ቀድመው ቤታቸውን ለቀው ስለነበር ሰው አልተጎዳም።

«በየት እንሂድ?» አለ ባሏ።

«በችካሉ» አልኩት።

ዝናብ ነበር፤ ጉም ነበር። ከፊት እየሄድኩ ከአንዱ ችካል ሌላውን እፈልግ ነበር። ጭቃው ወገባችንን ያዘን ማለት ይቻላል። ፋጤ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። ሼህ ይማም ከጎኗ እየሄዱ «አብሽሪ ልጄ፣ ደረስን» ይሏታል፤ አልደረስንም። ወንዶቹ ትከሻ እየተለዋወጡ፣ እየተንሸራተቱ፣ ቃሬዛውን ግን ሳያዘነብሉ ሄዱ። በመጨረሻ እግሬ ጠጣር ነገር ረገጠ። የተደለደለው ግማሽ መንገድ ነው። ቦዩ ውሃውን ወደ ጎን ወስዶት መሬቱ ይዟል። ከመንደሩ በስልክ የጠራነው አምቡላንስ መብራቱን አብርቶ እዚያ ጠበቀን።

ፋጤ ተረፈች። ልጁ ግን ጤና ጣቢያ ከመድረሳችን በፊት ሞተ።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ እርጥብ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ቀጥታ መስመር ቢሆን ከክረምት በፊት ያልቅ ነበር፤ ካለቀ ደግሞ ያ ናዳ መኪና ላይ ይወርድ ነበር። ወይም አይወርድም ነበር። በጭንቅላቴ ውስጥ ሁለት ተራሮች ቆመው አንዱን ሳየው ሌላው ይንቀሳቀስብኛል። ሼህ ይማም መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ልብሳቸው ጭቃ ብቻ ነው።

«ቀደር ነው ልጄ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አሉኝ። ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው ቀጠሉ፦ «አንቺን አልወቅስም። መንገዱን ግን ጨርሺልኝ።»

በጋ ሲገባ ጨረስነው። ደብዳቤዎቹን ተራዬን ሳልጠብቅ በእጄ ይዤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞርኩ። ሙሄ የላይኛውን ግማሽ ቆረጠ፤ መንደሩ የምንጩን አፍ ጠርጎ ከፈተ፤ በቆረጣው ጠርዝ ላይ ሣር ተከልን። መጀመሪያ የወጣው መኪና ማዳበሪያ የጫነ አይሱዙ ነበር። ሼህ ይማም አጨበጨቡ፤ ከዚያ ቤታቸው ገቡ።

ከዚያ በኋላም ብዙ ሥራ አግጃለሁ፤ የኋለኛው አሠራሬ ግን ከፊተኛው ይለያል። እገዳ በጻፍኩበት ቀን፣ ከቦታው ሳልወርድ፣ አማራጩን መስመር መለካት እጀምር ነበር። አዲስ ለሚገቡ ባለሙያዎችም የምለው ይህንኑ ነው፦ ማሽኑን ማስቆም ይቻላል፤ ማሽኑን ያስመጣው ችግር ግን አይቆምም። ስለዚህ የማገድ ሥልጣን ያለው ሰው ሌላውን መውጫ የመፈለግ ግዴታም አለበት፤ የሚፈልገውም በዚያው ቀን ነው።