በትንሹ የተካተተ

አማርኛ እንከን የሚል ቃል አለው። ጉድፍ የሚል አለው፣ እድፍ የሚል አለው፣ ነቁጥ የሚል አለው፣ ስንጥቅ የሚል አለው። የዕቃን ጉድለት ለመናገር ቃል የሚያጥረን ሰዎች አይደለንም፤ የሰውን ጉድለት ለመናገር ሲሆንማ የሚያህለን የለም። ይህን አስቀድሜ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጨረሻ ልጄ ለእጮኛው የአልማዝ ቀለበት በስልክ ሲገዛ ያነበብኩት አማርኛ፣ ልጁ አግብቶ ቤት ከያዘ በኋላም ያናድደኛል።

እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ሰዓት ሠሪ አልነበረም፣ አሁንም የለም። አሁን የሌለው ሥራው ራሱ ስለጠፋ ነው የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። ማንም አላስተማረኝም። የሞተ የእጅ ሰዓት ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ ደግሜ ፈትቼ ነው የተማርኩት። እንግሊዝኛ ማንበብ የጀመርኩት ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ ነው፤ በኋላ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ገዛሁ። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ሰዓታቸው ሲቆም ወደ ማን ይመጡ እንደነበር ራሳቸው ይመስክሩ።

ስለ ድንጋይም ቢሆን አስተማሪ አያስፈልገኝም። ጥሩ ሰዓት በሆዱ ውስጥ ድንጋይ አለው። የባለ ጥርስ ጎማዎቹ ዘንጎች ጫፋቸውን የሚያሳርፉት ከሰናፍጭ ፍሬ በማይበልጡ ቀያይ ድንጋዮች ላይ ነው፤ ድንጋይ ከሌለ ብረት ብረትን ይበላዋል። ፊቱ ላይ «ባለ ሃያ አንድ ድንጋይ» ተብሎ ተጽፎበት፣ ሲከፈት ግን አንድም ድንጋይ የሌለው ሰዓት ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ድንጋይን የሚያወድስ ጽሑፍ ሳይ መጀመሪያ የማደርገው አለማመን ነው።

ልጄ እዚሁ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ልጅቷ የአንኮበር ልጅ ናት፤ ልብስ ስፌትና ጥልፍ ሥራዋ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰቦቿ እሺ ብለው፣ ቀለበት የሚታሰርበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ወርቅ አይበቃም ወይ ብዬው ነበር።

«አልማዝ ብያታለሁ አባዬ» አለኝ።

ቃል ከገባላትማ አለቀ። በእኔ ቤት የተባለ ነገር ይደረጋል። ዱባይ የምትሠራው ታላቅ እህቱ እዚያው በካርዷ ልትከፍልና በመንገደኛ ልትልክ ተስማማች፤ መርጦ መንገር የእኛ ፋንታ ሆነ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመረጥነው ድንጋይ፣ ያው ራሱ፣ ከልጅቷ ጣት ላይ እንዲውል። ልጄ የማያውቀውን ነገር በሰው ልጅ ጣት ላይ አስሮ ዕድሜ ልኩን እንዳያፍር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኩን ይዞ ቤቴ መጣ።

«አባዬ፣ መርጠን መርጠን ሁለት ቀርተውናል። አንድ ዓይነት ናቸው፤ ዝም ብለህ አንዱን በል።»

«አንድ ዓይነት ከሆኑ ለምን ሁለት ሆኑ?»

«ተመሳሳይ ማለቴ ነው።»

«ተመሳሳይ ማለትና አንድ ዓይነት ማለት አንድ አይደሉም» አልኩት። «ስጠኝ።»

ስልኩ የሻጩን ገጽ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ራሱ ገልብጦት ነበር። የገለበጠው እንደ ጆንያ ነው። የሁለቱ ድንጋዮች ክብደት እኩል ነው። ቀለማቸው እኩል ነው። ቀጥሎ «ቁረጥ፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ይላል። ልጄ ዋጋ ቁረጥ የተባለ መስሎት ነበር። እኔ ግን ድንጋዩ የተጠረበበትን መንገድ ለማለት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ያም እኩል ነው። ከሥሩ «ግልጽነት» ይላል። በአንደኛው «በጣም በትንሹ የተካተተ»፣ በሁለተኛው «በትንሹ የተካተተ»። የተለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ የሁለተኛው ዋጋ ደግሞ ዝቅ ይላል።

«ምንድን ነው የተካተተው?» አልኩት።

«አብሮ የሚሰጥ ነገር ይሆናላ። ሳጥኑ፣ ምናልባት የጆሮ ጌጥ። አየህ፣ የመጀመሪያው በጣም ትንሽ ነው የሚያካትተው። ሁለተኛው ይሻላል።»

«ብዙ አካትቶ በርካሽ የሚሸጥ ነጋዴ የት አገር አየህ?»

«ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ነው አባዬ።»

ማጉያ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ የስልኩ መስታወት ላይ አጎነበስኩ። አልማዝ የለም። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣብ በመስመር በመስመር ተዘርቷል፤ ከዚያ በቀር ምንም። ስንት ሰዓት ሆዱን የገለጠልኝ መነጽር እዚህ ያሳየኝ ስልኩን ራሱን ነው። ደብረ ብርሃን ገበያ በግ የሚገዛ ሰው ወገቡን ይጫናል፣ ላቱን በመዳፉ ይመዝናል፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። እዚህ የበጉን ፎቶ አሳይተው ክፈል ይላሉ።

ይህም ሳያንስ በቀይ ቀለም «አሁን ሌሎች ሰዎች ይህን ድንጋይ እየተመለከቱ ነው» የሚል ብቅ አለ። ልጄ ደነገጠ።

«አባዬ፣ ሊወስዱት ነው።»

«ይውሰዱት። በግ ነጋዴም ‹አሁን አንድ ሰውዬ ሊገዛው ሄዶ ብር እያመጣ ነው› ይላል። ያ ሰውዬ መጥቶ ያውቃል?»

«አያውቅም» አለ ልጄ። በግ ገበያ አብሮኝ ስላደገ ይህን ይክድ ዘንድ አልቻለም።

በሁለት ጣቱ ሥዕሉን አሰፋልኝ። ድንጋዩ የግድግዳ ሰዓት አህሎ ይሽከረከራል። የመጀመሪያውን ደጋግሜ አየሁት፤ ውስጡ ጭጋግ የመሰለች ነገር አለች፣ ለመኖሯ ግን አልምልም። ሁለተኛው ጠርዙ አጠገብ ጥቁር ነቁጥ አለው፤ ቀጠን ያለች፣ ጭራ ያላት፣ ቁርጥ የኑግ ፍሬ። ሥዕሉን ዘጋሁና ጽሑፉን መልሼ አነበብኩ። «በትንሹ» የተባለው ነቁጥ አለበት። «በጣም በትንሹ» የተባለው የለበትም ለማለት ይቻላል።

የእንግሊዝኛውን ቃል አስወጥቼ መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ። እሱም «ማካተት» ይላል። መጽሐፉም አልረዳኝ፤ ግን እኔ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከሰዓት ሆድ ነው። ድንጋዩ ከመሬት በታች ሲጠጥር አብሮት የታሰረ ጉድፍ ነው። የተካተተው እሱ ነው።

«የጆሮ ጌጥህ ይኸውልህ» ብዬ ነቁጧን በጥፍሬ አሳየሁት።

ንዴቴ ያኔ ጀመረ፤ አልበረደም። እንከን ማለት ምን ያስፈራል? ሰው ለልጁ ድንጋይ ሊገዛ ተቀምጦ ጉድለቱን እንደ ምርቃት ይንገሩት? ለሻጩ እዚያው ገጹ ላይ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል አለኝና፣ እኔ እየተናገርኩ ልጄ ጻፈ። ድንጋዩ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው፣ ስሙንስ ለምን በስሙ አትጠሩትም ብዬ ነው የጠየቅሁት። መልሱ ጽሑፉን ሳንጨርስ መጣ ማለት ይቻላል። «ውድ ደንበኛችን፣ ሁለቱም ድንቅ ምርጫዎች ናቸው» ይላል። ጥያቄ ጠይቄ ውዳሴ ተቀበልኩ። ሰው ይሁን ማሽን አላውቅም፤ ሰው ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

«በቃ፣ እህቴ የመጀመሪያውን ትግዛልን» አለ ልጄ፣ አፍሮ።

«የለም። ሁለተኛውን።»

«አባዬ፣ እኔ ስመርጠው ሞኝ አደረግከኝ፤ አንተ ስትመርጠው ብልህ ሆንክ?»

«አንተ የመረጥከው ሳታውቀው ነው። እኔ የመረጥኩት ስላወቅሁት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ገበያ ላይ በግ ገዝተህ እዚያው አሳድረህ፣ ወይ ለሰው አስነድተህ የምትልከው ከሆነ፣ ጀርባው ላይ ጠጉሩን ቆርጠህ ምልክት ታደርግበታለህ። ምልክት የሌለው በግ መንገድ ላይ ይከሳል ይባላል፤ የሚከሳው በጉ አይደለም፣ በጉ ተለውጦ ነው። ይህ ድንጋይ ከሻጩ ወደ አንጥረኛ፣ ከአንጥረኛ ወደ ሴት ልጄ፣ ከእሷ ወደ መንገደኛ፣ ከመንገደኛ ወደ እኛ ሊመጣ ነው። ያ ሁሉ እጅ። ጉድፍ የሌለው ድንጋይ ቢለወጥ በምን አውቃለሁ? ያች የኑግ ፍሬ ግን መሬት ራሷ ያደረገችው ምልክት ናት፤ ማንም አስመስሎ አያስገባትም።

ለእህቱ ደወለላት። ስትሰማ ሳቀች።

«አባዬ፣ ለብሩ ሳስተህ ነው? የምከፍለው እኮ እኔ ነኝ።»

«አልሳሳሁም። ምስክር ፈልጌ ነው።»

«ለሙሽራ ምስክር ያለው ድንጋይ። እሺ፣ እንዳልክ» አለችና ገዛችው።

ቀለበቱ የደረሰው ቀለበት በሚታሰርበት ዕለት ጠዋት ነው። መንገደኛዋ ለልጄ ሰጥታው፣ እሱ ኪሱ ከቶት፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር በአንድ መኪና ወደ አንኮበር ወጣን። እየተንገጫገጩ ማጉያ አይያዝምና ታገስኩ። ስንደርስ አገሩን ጉም ውጦታል። ሽማግሌዎቹ ወደ ቤት ሲገቡ እኔ ልጄን ክንዱን ይዤ ግቢው ዳር አስቀረሁት።

«አምጣው።»

«አባዬ፣ ሰው ተቀምጧል።»

«ተቀምጦ ይቆይ።»

አየሁት። በዙሪያው አዞርኩት። ድንጋዩ በአራት የወርቅ ጥፍሮች ተይዟል፤ ንጹሕ ነው። ጠርዙን ዙሪያውን ሄድኩበት፤ ነቁጥ የለም። መነጽሬን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ እንደገና አየሁ።

«ይህ ቀለበት አይታሰርም» አልኩ።

ልጄ ተጠጋኝ። «ለምን?»

«ያ አይደለም። ተለውጧል።»

«ጉድፍ ከሌለበት የተሻለ ነዋ የላኩልን። ምን ቸገረን?»

«የተሻለ ልኮ ዝም የሚል ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ጠርሙስ ቢሆንስ? ምን እንደሆነ የማታውቀውን ነገር ይዘህ የሰው ቤት ልትገባ ነው?»

ድምፃችን ሳይሰማ አልቀረም፣ ልጅቷ በጓሮ በኩል ወጣች። ጥልፉን ራሷ የጠለፈችውን ቀሚስ ለብሳለች።

«አባባ፣ ምን ሆኑ? ሽማግሌዎቹ ‹ሸሽተው ሄዱ ወይ?› እያሉ ነው።»

«የመረጥንልሽ ድንጋይ አይደለም ይኼ።»

«ይኼኛው ያንሳል?»

«አያንስም። ጉድፍ የለበትም።»

ልጄን አየችው፣ ከዚያ እኔን። «ጉድፍ ስለሌለበት ነው የማይታሰርልኝ?»

«ጉድፍ የነበረበት የት ሄደ ነው የምለው።»

የመረጥነውን ድንጋይ ሥዕል ከልጄ ስልክ ላይ አሳየኋት፤ ነቁጧ የት እንደነበረች፣ ለምን እንደመረጥኳትም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ቀለበቱን ተቀበለችኝና የወርቅ ጥፍሮቹን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

«እኛ ስንጠልፍ ቋጠሮውን ከፊት አንተወውም» አለች። «ክሩ ያለቀበትን ከሥር ነው የምንደብቀው። እስኪ ገልብጠው ይዩት።»

ይህን ልል የነበርኩት እኔው ነኝ፤ ጉሙና የልጄ ጭቅጭቅ አዘናግተውኝ ነው። ገለበጥኩት። ከድንጋዩ በታች በኩል፣ ከአንዱ ጥፍር ሥር፣ ጭራዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። የእኔው የኑግ ፍሬ።

«እይ እንግዲህ፣ እንዳይታይብን አሳምረው ሠርተውልናል» አለ ልጄ። ሊያመሰግናቸው ምንም አልቀረው።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ማን ደብቁልኝ አላቸው? ከሁለቱ ድንጋዮች ያንን የመረጥኩት በእሷ ነው። አንድ ጊዜ «ተካቷል» ብለው በቃል ደበቋት፤ ሁለተኛ ጊዜ በወርቅ ደበቋት። አንጥረኛው እጁ ጥሩ ነው፣ አልክድም፤ ግን ገዢውን ሳይጠይቅ የገዢውን ምልክት መሸፈን ጠጉሩን የቆረጥክበትን በግ ልብስ አልብሶ እንደ ማስረከብ ነው። የአባትና የልጅ ጠብ፣ የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ በሰው ግቢ ውስጥ ሀፍረት፣ ይህ ሁሉ የመጣው እንከንን እንከን ማለት ስላልፈለጉ ነው።

ልጅቷ መነጽሬን ለምና ወሰደች። ዓይኗ ላይ መያዙን አላወቀችበትም ነበር፤ አሳየኋት። ገልብጣ አየች።

«ኑግ ናት» አለች። ቀጥላም፣ «አባባ፣ እኔንም በዚህ ሊያዩኝ ነው?»

«አንቺንማ አይቼ ጨርሻለሁ።»

«ምን አገኙብኝ?»

«ምላስ» አልኳት።

ልጄ ሳቀ፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ነበር። እኔም «ይታሰር» አልኩና ገባን።

ቀለበቱ ታሰረ፣ ተመረቀ። ጉሙ ገለጥ ሲል የልጅቷ አጎት እጇን ይዞ ወደ መስኮቱ አቀረበውና ጣቷን ወዲያና ወዲህ እያደረገ ተመለከተ። የማየት ያህል አየ ማለት ነው፤ ያለ መነጽር።

«እንከን የማይወጣለት ድንጋይ ነው» ብሎ ለተሰበሰበው ሰው አስታወቀ።

ዝም አልልም ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። ልጅቷ ግን ቀደመችኝ።

«እንከንስ አለው አጎቴ፤ ከጥፍሩ ሥር ነው» አለች። «አባባ ያውቁታል።»

እንከን አለች። በጥሩ አማርኛ።