በነጠላ ስር የተገዛችው ኮርሳ

ቅዳሜ ጠዋት ከአሰበ ተፈሪ የተነሳሁት ተናድጄ ነው። እሁድ ማታ ስመለስም ንዴቴ አልለቀቀኝም ነበር፤ ቦታ ብቻ ነው የቀየረው። እንዴት እንደቀየረ ከመነሻው ልንገራችሁ።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አሰበ ተፈሪ በመምህርነት ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ ቀን አስተምራለሁ፣ ማታ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እማራለሁ። ዘንድሮ ማትሪክ ተፈታኝ ነኝ። ታዲያ ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በሂርና መንገድ ከከተማው ራቅ ብላ ወደምትገኝ የገጠር ትምህርት ቤት ተዛውረሻል ተባልኩ። እዚያ ቤት ብከራይ የማታ ትምህርቴ ቀረ ማለት ነው። ከተማ እያደርኩ በእግሬ ብመላለስ፣ ክፍል የምደርሰው ሌላው ሰው ደብተሩን አጥፎ ሲወጣ ነው። የጫት መኪኖች እንደሆኑ ለሰው አይቆሙም። ጫት ይጠወልግባቸዋል፤ መምህር ቢጠወልግ ማን ግድ አለው!

ስለዚህ ብስክሌት መግዛት አለብኝ። ብስክሌት መንዳት ብርቄ አይደለም፤ ድሬ ውስጥ በስሙኒ የኪራይ ብስክሌት ስንት መንገድ ዞሬያለሁ። የድሬ መንገድ ግን ሜዳ ነው። የእኛ ዳገት ላይ ያ ከባዱ ባለ ዲናሞ ብስክሌት ሬሳ እንደመጎተት ነው። የሚያስፈልገኝ ኮርሳ ነው፦ ቀላል፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ቀጭን፣ ከሁሉም በላይ ማርሽ ያለው። ዓመቱን ሙሉ ከደመወዜ እየቆነጠርኩ ያስቀመጥኩት ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ነው። አዲስ ኮርሳ በዚህ ገንዘብ አይታሰብም፣ አሮጌ ነው የምፈልገው።

በዚያ ዘመን ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ ወረቀት የግድ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር በዚያው ሳምንት ስብሰባ ላይ ስለ ሴቶች እኩልነት ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ተናግረው አጨብጭበንላቸዋል።

«የጉዞው ምክንያት?» አሉኝ ብዕራቸውን ደግነው።

«ብስክሌት ለመግዛት።»

«ለወንድምሽ?»

«ለራሴ።»

ብዕሩን አስቀመጡት። «ሴት ብስክሌት ልትገዛ ስለሆነ ትብብር ይደረግላት ብዬ ማህተም ልምታበት? መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

«እኩልነቱስ፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«እኩልነት ሌላ፣ ብስክሌት ሌላ» አሉና «ዘመድ ለመጠየቅ» ብለው ጽፈው ማህተሙን መቱበት። በበደሳም፣ በገለምሶም፣ በሚኤሶም በኩል አንድም ዘመድ የለኝም።

ገለምሶ

ወደ ገለምሶ የሄድኩት አንድ ነጋዴ ኮርሳ ይሸጣል የሚል ወሬ ሰምቼ ነው። ላንድሮቨሩ ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ ገና ሰው ይጭናል። ጋቢና ለመቀመጥ ሦስት ብር ከፈልኩ፤ እሱም ከሌሎች ሁለት ሰዎችና ከአንዲት ዶሮ ጋር ነው። መንገዱ ዝናቡ የቦረቦረው ጠጠር ነው። ግራና ቀኙ ማሽላ፣ ከማሽላው በላይ ጫት፣ ሸለቆው ውስጥ ቡና። መልክዓ ምድሩ ያምራል፤ እኔ ግን እያንዳንዱን ዳገት ሳይ በየትኛው ማርሽ እንደሚወጣ ነበር የማስበው።

በደሳ ላይ ሆጃ ልንጠጣ ወረድን። ከቡና ገለፈት ተፈልቶ በወተት የሚጠጣው ነው፤ ስኒው ትልቅ፣ ዋጋው ትንሽ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«አህያ ግዢ» አሉኝ። «አህያ ጎማ አያስነፋም።»

ሳቄ መጣ። በመንገዱ ሁሉ ግን አህያ ግዢ ያላለኝ ሰው የለም፤ አራተኛው ላይ ሳቄ አለቀ።

ገለምሶ ስንደርስ ነጋዴው ሱቁ ደጃፍ ላይ ኮርሳዋን አቁሟታል። አረንጓዴ ቀለም ተቀብታ ታበራለች። መሪዋ ላይ ማርሽ መቀየሪያው፣ እኛ ብስክሌተኞች ካምቢዮ የምንለው፣ ቁጭ ብሏል። ሰውየው ግን እኔን አያየኝም። ዕቃ ሊያወርድ አብሮኝ የገባውን የላንድሮቨሩን ሹፌር ነው የሚያናግረው።

«ለአንተ ስል በሦስት መቶ እሰጥሃለሁ።»

«እኔ አይደለሁም የምገዛው፣ እሷ ናት» አለው ሹፌሩ።

«ጥሩ። ባለቤቷ ሲመጣ እንነጋገራለን።»

«አቦ፣ ባለቤቷ እኔ ነኝ!» አልኩትና ጎንበስ አልኩ። የካምቢዮው ሽቦ ከመሪው ወርዶ፣ በአግዳሚው ብረት ስር አልፎ፣ ኮርቻው ስር በሲባጎ ታስሮ ቀርቷል። የኋላ ጎማው ላይ ሰንሰለት የሚዞርበት ባለ ጥርስ ብረት አንድ ብቻ ነው ያለው። ማርሽ የሚባል ነገር የላትም። ዓይን ለመሙላት ነው መቀየሪያውን የገጠመላት።

«ይሄ ሽቦ የት ነው የሚሄደው?» አልኩት።

«ወደ ታች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ…» አለና ሰማይ ሰማይ አየ። «አላህ ያውቃል።»

በጣም ነው የተናደድኩት። ያታልል፣ ነጋዴ ነው። ግን ሊያታልለኝ እንኳ ወንድ ይዤ መምጣት አለብኝ? ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ሹፌሩ «ነገ ሚኤሶ ገበያ ነው» አለኝ። «አብዲ የሚባል ሰው ጅቡቲ የገባ ወንድሙን ኮርሳ ይሸጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ካምቢዮዋ ይሠራል ብለዋል። አብዲ በባቡሩ ሐዲድ በኩል ፍየል ሲሸጥ ታገኚዋለሽ።» አሰበ ተፈሪ ገብቼ አደርኩ።

ሚኤሶ

እሁድ በማለዳ በጭነት መኪና ወደ ቆላው ወረድኩ። ሚኤሶ ስንደርስ ሙቀቱ ፊቴን እንደ ጥፊ መታኝ። ከሐዲዱ ማዶ ግመል፣ ከወዲህ ፍየል፣ መሃል ላይ ሀብሀብ የተቆለለበት ሸራ። ሩቅ የአሰቦት ተራራ በአቧራው ውስጥ ደብዝዞ ይታያል።

አብዲን አገኘሁት። ኮርሳዋ ከፍየሎቹ ጋር ግራር ላይ ታስራ ቆማለች። ቀለሟ ተላልጧል፤ ቀለሟ መላላጡ ደስ አለኝ፣ የሚደበቅ ነገር የለም ማለት ነው። ብረቱን ከመሪው እስከ ኮርቻው በጣቴ ዳሰስኩት፣ ስንጥቅ የለውም። የኋላ ጎማዋን አንስቼ አሽከረከርኩ፤ ራጂ ከምንላቸው ቀጫጭን የጎማ ሽቦዎች ሁለቱ ጎድለዋል፣ ቸርኬው፣ ክቡ ብረት፣ ግን አልተጣመመም። ሰንሰለቱ ዝጓል፣ ይታጠባል። ካምቢዮውን ስስበው ሰንሰለቱ ከአንዱ ባለ ጥርስ ብረት ወደ ሌላው ዘለለ። አምስቱም ይሠራሉ! ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ቀሚሴን ከሱሪዬ በላይ ሰብስቤ በገበያው ዳር ነዳኋት። ፍየሎቹ ተበተኑ፣ ሰው ሳቀ፣ ፍሬኗ ያዘ። በልቤ የእኔ ናት አልኩ።

«ስንት ነው?» አልኩት ከላይዋ ወርጄ።

አብዲ ዙሪያውን አየ። ከዚያ በትከሻው ላይ ያለውን ፎጣ አየ። የዚያ ገበያ ወግ እንዲህ ነው፦ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጭና ገዢ በፎጣ ስር እጅ ለእጅ ይያያዙና በጣት ይነጋገራሉ። በዙሪያው የቆመ ሁሉ ያያል፣ ማንም አይሰማም። እኔ ደግሞ ሴት ነኝ፣ ለአብዲ ባዳ።

«እህቴ፣ እጅሽን መያዝ ሐራም ነው» አለኝ። «ወንድ አምጪ።»

«በአፍህ ንገረኝ።»

«በአፍ ከጠራሁማ የሰማው ሁሉ የፍየሎቼንም ዋጋ ሊሰብር ነው። ወንድ አምጪ።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ያናደደኝም ይሄው ነው። ክፉ ቢሆን ሰድቤው እሄድ ነበር። ብሩ በጉያዬ፣ ብስክሌቷ ፊቴ፣ ሰኞ ማታ የትምህርት መጀመሪያ ነው። በመካከላችን ያለው አንድ ክንድ የማትሞላ ፎጣ ናት። «ታዲያ እኔ እጅ የለኝም?» ብዬ ጮህኩ። ገበያው ዞሮ አየኝ።

«ማል ታቴ፣ አብዲ?» የሚል ድምፅ መጣ፤ ምን ሆነሃል ማለታቸው ነው። የግመል ወተት የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ከቅላቸው ኋላ ተነስተው መጡ። የአብዲ አባት እህት ናቸው። በኦሮምኛ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፤ ገበያው ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራቸዋል። ጉዳዩን ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«እሱ የኔን እጅ ይይዛል፣ ልጄ ነው። እኔ ያንቺን እይዛለሁ፣ ሴት ነሽ። ምን ችግር አለ? ነጠላሽን አምጪ።»

በመካከላችን ቁጭ አሉ። ቀኝ እጃቸው በአብዲ ፎጣ ስር ገባ፣ ግራቸው በእኔ ነጠላ ስር። በጆሮዬ አስተማሩኝ፦ አንድ ጣት ሲያዝ አንድ መቶ ነው፣ ጣት ወገቡ ላይ ሲጫን ሃምሳ፣ ሙሉ እጅ ሲጨበጥ አምስት መቶ።

አንድ ጣት ያዝኩና የሌላውን ወገብ ተጫንኩ። አዳዳ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ማዶ አሳለፉት። ከማዶ መልስ መጣ፣ አራት ጣት። ራሴን ነቀነቅሁ። እንደገና ሞከርኩ። አብዲ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየለቀቀ ነበር፣ ከዚያ በመሃል በአፉ ተናገረ።

«ለመሆኑ ሴት ልጅ እዚህ ላይ እግሯን ከፍታ ስትቀመጥ አታፍርም?»

ደሜ ፈላ። ሳላስበው በነጠላው ስር የአዳዳን እጅ ጭብጥ አደረግሁ።

«ወይ ጉድ! ቀስ በይ ኢንተላ!» አሉ አዳዳ በሹክሹክታ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አምስት መቶ አልሽ እኮ!»

ደነገጥኩ። ቀይ ሽብር የመጣብኝ ያህል ላብ አጠመቀኝ። አዳዳ ግን ቀኝ እጃቸው ንቅንቅ አላለም። «አላሳለፍኩትም» አሉኝ። «ስሚኝ። ንዴት አለሽ፣ ይኑርሽ፣ እኔም አለኝ። ግን በሌላው እጅ ያዢው። ይሄኛው እጅ የዋጋ ነው።»

ግራ እጄን ከኋላዬ አድርጌ የቻልኩትን ያህል ጨበጥኩ። ቀኜን አላላሁት። ሁለት ጣት ያዝኩ፣ አልለቀቅኩም። በመጨረሻ አንድ መልስ መጣ፣ ከዚያ አብዲ ፎጣውን ገፍፎ «ሀላል ይሁንልሽ» አለ።

ስንት እንደሆነ እዚህም አልጽፈውም። በነጠላና በፎጣ ስር የተባለ ነገር እዚያው ይቀራል። ከብሬ ለአንድ ስኒ የግመል ወተትና ለማስቲሽ የሚሆን ተርፎኛል፤ ማስቲሹ የተቦጨቀ ጎማ መለጠፊያ ነው። አዳዳ የወተቱን አልቀበልም አሉ።

«ዘመድ ከዘመድ አይቀበልም» አሉኝ።

ዳገቱ

ከሚኤሶ አሰበ ተፈሪ ድረስ ነድቼ ነው የወጣሁት። ነድቼ ስል ግማሹን ገፍቼ። ኮርሳ ለአስፋልት የተሠራች ናት፣ በጠጠሩ ላይ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነበር። የግራር እሾህ የኋላ ጎማዬን ወጋው፤ ጥላ ፈልጌ የውስጡን ጎማ፣ ካላማዳሪያውን፣ አውጥቼ በማስቲሽ ለጠፍኩ። አንድ የጭነት መኪና ረዳት በመስኮት ወጥቶ «ባልሽ የት ሄዶ ነው!» ብሎኝ አለፈ። ግራ እጄ የመሪውን ቀንድ ጨመቀ፣ ቀኜ ካምቢዮውን ሳበ። ቆላው ከኋላዬ እየራቀ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ የማሽላው እርከን እየተደረበ መጣ። ትንሿ ማርሽ ላይ ቀስ ብላ ትወጣለች፤ ግን ትወጣለች።

መግቢያ

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከተማ ገባሁ። የይለፍ ወረቀቱን መመለስ ስላለብኝ በቀበሌው በኩል አለፍኩ። ጓድ ሊቀመንበር በረንዳው ላይ ከሰዎች ጋር ተቀምጠዋል። ብስክሌቷን ከጎማ እስከ ኮርቻ አዩዋት።

«ዘመድሽን ጠየቅሽ?» አሉ እየሳቁ።

«ጠየቅሁ። አዳዳ ደህና ናቸው።»

«ስንት ተገዛች? ዋጋውንስ የተነጋገረልሽ ማን ነው? የትኛው ወንድ?»

ንዴቱ መጣ። እንደ ቅዳሜው ጠዋት አንገቴ ድረስ መጣ። ግራ እጄ የፍሬኑን ማንሻ እስከ ጥግ ጨመቀው። ቀኝ እጄን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ በረንዳው ዘረጋሁት።

«ዋጋ በአደባባይ አይጠራም፣ ጓድ ሊቀመንበር። እጅዎን ያስገቡ።»

በረንዳው ላይ የነበሩት ሰዎች የሚኤሶን ወግ ያውቁታል። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ሊቀመንበሩ እጄን አዩ፣ ነጠላውን አዩ፣ ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«እኩልነት እኮ ነው» አልኳቸውና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሄድኩ።

ሰኞ ማታ ከገጠሩ ትምህርት ቤት ነድቼ መጥቼ ሌላው ሰው ሳይገባ ክፍል ደርሼ የፊት ወንበር ያዝኩ። ቀኝ እጄ እስክሪብቶ አንስቶ ርዕሱን ጻፈ። ግራው ግን ጭብጥ ከማለት ብዛት ገና ያመኝ ነበር።