ቁርስ የበላሁበት ቤት

ጋዜጠኛ መሆን የሚፈልጉ ወጣቶች ምክር ሲጠይቁኝ «የሁለቱንም ወገን ስሙ» እላለሁ። ይህን ባልኩ ቁጥር ከጥቂት ዓመታት በፊት በዋግ ኽምራ፣ ፃግብጂ ውስጥ የደረሰብኝ ትዝ ይለኛል። ያን ቀን የሙያውን ደንብ አከበርኩ ብዬ ሰው ላስገድል ነበር።

በግጦሽ መሬት ጠብ ብርሃኑ የሚባል ገበሬ በጥይት ተገድሎ ገዳዩ ተሰውሮ ነበር። እኔ ከሰቆጣ የሄድኩት የሁለቱን ቤተሰብ ቃል ይዤ ስለ ደም እርቅ ለመዘገብ ነው። ጠዋት የገዳዩ አባት ቤት ቁርስ በላሁ። አባትየው አምነውኝ ልጃቸው የተሸሸገበት ዋሻ ድረስ ወሰዱኝ፤ ቃሉንም ቀረጽኩ። በማግስቱ በሽማግሌዎች አማካይነት ለፖሊስ እጁን ሊሰጥ ነው። ያለበትን ለማንም እንደማልናገር ቃል ገባሁለት።

ረፋዱ ላይ ወንዝ ተሻግሬ የሟቹ ቤት ደረስኩ። የብርሃኑ ወንድም ካሳ ከሁለት የአጎቱ ልጆች ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። እናትየው ወይዘሮ በላይነሽ ምግብ አቀረቡልኝ።

«በልቻለሁ፣ እናቴ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው።

«የት?» አለ ካሳ።

መዋሸት አልለመድኩም፤ ነገርኩት።

በዚያ አገር ደም ሳይታረቅ ከደመኛ ቤት ውሃ እንኳ አይቀመስም። የቀመሰ ወገኑን ለይቷል። ይህን አውቃለሁ። ግን ጋዜጠኛን የሚመለከት አልመሰለኝም ነበር።

«የወንድሜ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ እዚያ ጎርሰህ መጣህ?» አለና በዱላ ቀኝ ክንዴን መታኝ። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ስወድቅ የአጎቱ ልጆች በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ እየተነጋገሩ ጎኔን ረገጡኝ። አንደኛው መቅረጫዬን ነጥቆ ድንጋይ ላይ ከሰከሰው።

«የት ነው ያለው?» አለ ካሳ።

«አልናገርም።»

«አዬ የራዲዮ ሰው! ሌላ ጊዜ ያገሩን ወሬ ስትለፈልፍ ትውላለህ። ዛሬ ምላስህ ታሰረ?»

ትከሻው ላይ ያንጠለጠለውን ክላሽ አውርዶ ግራ ጆሮዬ ሥር ወደ መሬት ተኮሰ። ጆሮዬ ጭው አለ። ከዚያ አፈሙዙን ግንባሬ ላይ ደገነ። ብረቱ ገና ትኩስ ስለነበር ቆዳዬን አቃጠለኝ። አፌን ከፈትኩ።

ይህኔ ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላቸውን በመካከላችን ጥለው አፈሙዙን በእጃቸው ያዙ።

«ነገረህ?» አሉት ልጃቸውን።

«አልነገረኝም።»

«እንግዲያ የእኛንም ገበና ለነሱ አይነግርም። ልቀቀው። አንዱን ቀብሬ አንተን ለወህኒ አልሰጥም።» ወደ እኔ ዞረው «ተነስ ልጄ። የብርሃኑን ነገር ልንገርህ፤ ጻፍ» አሉኝ።

በግራ እጄ ጻፍኩ።

ገዳዩ በማግስቱ እጁን ሰጠ። ካሳን አልከሰስኩትም፤ ለአንድ እናት ሁለተኛ ሐዘን መጨመር አልፈለግሁም። አሁን ለዘገባ ስሄድ ከሟች ቤት እጀምራለሁ፤ የትም ብሄድ ስንቄን ይዤ ነው።

ሰዎች ምስጢር ጠባቂ ነህ እያሉ ያመሰግኑኛል። ምስጋናውን አልቀበልም። ወይዘሮ በላይነሽ ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ ከከፈትኩት አፌ ምን ይወጣ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።