ለእንግዳ የቀረበ ዳቦ

መንግሥት ለችግረኛ ቤተሰቦች ስንዴና ዘይት ሊሰጥ ነው በተባለበት ክረምት፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ችግረኛውን ከሚለዩት ሦስት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። የመረጡኝ መምህር ስለሆንኩና ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው። እኔም በበኩሌ፣ እንጅባራ ውስጥ ያጣውን ካላጣው የሚለይ ከእኔ የተሻለ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ፣ ጭቃው ጫማችንን ሊያስቀርብን እየታገለ፣ ከገበያው ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ የአንዲት አሮጊት ቤት ደረስን። ባላቸው ሲሞቱ ነው ከገጠር የመጡት። የሰው ልብስ እያጠቡ ይኖሩ ነበር፤ አሁን ግን እጃቸው እምቢ ብሏቸዋል። እንደምንመጣ ሰምተው ኖሯል፣ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፈው፣ የታጠበ ነጠላ ለብሰው ጠበቁን። ገና ሳንጠይቃቸው የስንዴ ዳቦና ጠላ አቀረቡ። ቸኩለናል ብንልም አልሰሙንም።

«በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ፣ እማማ?» አልኳቸው ወረቀቴን ይዤ።

«ተመስገን ነው ልጄ። ብላ እንጂ፣ ምነው ዳቦውን ፈራኸው?»

«ጓዳ ውስጥስ እህል አለ?»

«አይጠፋም።»

በላን። ዳቦው ጥሩ ነበር፤ ሁለተኛ ቁራሽ አነሳሁ። ስንወጣ «ራሳቸውን ይችላሉ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሁለቱ ጓደኞቼም ፈረሙ።

ይህን ባስታወስኩ ቁጥር በራሴ እናደዳለሁ። እኔኮ ያደግኩት እዚሁ አዊ፣ ገጠር ነው። እንግዳ ሲመጣብን እናቴ በጓሮ በኩል ወጥታ ዱቄት ስትበደር፣ እኛ ልጆቿ እጃችንን ወደ ገበታው እንዳንሰድ በዓይኗ ስትቆጣን አይቻለሁ። እንግዳ ፊት ባዶ እጅ መሆን ከረሃቡ እንደሚብስ ማንም ሊነግረኝ አይገባም ነበር። ወረቀት ስይዝ ግን ሁሉም ጠፋኝ።

ዝርዝሩ ቀበሌው በር ላይ በተለጠፈ ማግስት ጎረቤታቸው መንገድ ላይ አስቆመችኝ።

«ያን ቀን የበላችሁት ዳቦ የእኔ ነው» አለችኝ። «ጠላውም። ለእንግዳ ብለው ለምነው ወሰዱት። እሳቸው እህል ከቀመሱ ሁለት ቀን ሆኗቸው ነበር።»

ቅሬታ ማስገቢያው ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ፎርሙን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ጣትዎን ብቻ ያኑሩበት፣ ሌላውን እኔ እሞላዋለሁ አልኳቸው። ፎርሙን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ።

«ለእንግዳ ያቀረብኩት የልመና ነው ብዬ ቀበሌ ቆሜ ላውራ?» አሉ። «አላደርገውም። አንተንም፣ ቤቴ በልተህ የጻፍከውን ውሸት ነው ብዬ አላዋርድህም። ተወው ልጄ።»

ለመንኳቸው፤ ግን አጥብቄ አልለመንኳቸውም። እሳቸው ባይፈርሙም እኔ ራሴ ቀበሌ ቀርቤ ተሳስቻለሁ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ስንዴው ሲታደል ስማቸው አልተጠራም። ያን ዓመት እንዴት እንዳለፉት ጎረቤታቸው ታውቅ ይሆናል፣ እኔ ግን ደፍሬ ጠይቄ አላውቅም። ፎርሙን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ከቤታቸው ስወጣ የተሰማኝን ግን አልረሳውም። እፎይ ነበር ያልኩት።