ወንድ ልጅ እንሰት ሲፍቅ

አባቴ ያልሠራው ሥራ ቢኖር አንድ ብቻ ነው። በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ ጫማ ጠርጓል፣ ሎተሪ አዙሯል፣ ጆንያ ተሸክሟል፣ «ቆራሌው!» እያለ ሰፈር ለሰፈር ዞሯል። በኋላ መርካቶ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ፣ ከዚያ እየላከ እኛን አገር ቤት አሳደገን። እርጅና ሲጫነው ሱቁን ለታላቅ ወንድሜ ትቶ ወልቂጤ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ተመለሰ። «ጉራጌ ሥራ አይንቅም» የሚለውን ነገር ሌላው ሰው ለምስጋና ይናገረዋል፤ እሱ ግን ለእኛ እንደ ትእዛዝ ነበር የሚያነበንብልን። ያ ያልሠራው አንድ ሥራ እንሰት መፋቅ ነው። እንሰቱን ወንድ ይተክላል፤ ፍቆ ቆጮና ቡላ ማድረጉ ግን የሴት ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ስንወለድ ያገኘነው ነው።

እኔ ደግሞ ዲግሪ ይዤ ሥራ አጥ ነበርኩ። ጉብሬ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተምሬ፣ ጋዋን ለብሼ ፎቶ ተነስቼ፣ ከዚያ በባጃጅ ወልቂጤ እየወጣሁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሳነብ ከረምኩ። ሰሌዳው ሁሉ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱ የት እንደሚሸጥ ግን የሚነግረን የለም። አባቴ ጠዋት ስወጣ «ዛሬስ?» ይለኛል። ማታ ስገባ አይጠይቀኝም። ከዚያ ዝምታ ስድቡ በተሻለኝ።

አንድ ቀን መንግሥት ሥራ አጥ ወጣቶችን አሠልጥኖ፣ በማኅበር አደራጅቶ፣ የመሥሪያ ሼድና ማሽን ሊሰጥ ነው ተባለና እየሮጥኩ ሄድኩ። የፈለግሁት ብየዳ ነበር። መዝጋቢዋ ከጎጃም የመጣች ፈጣንና ሳቂታ ሴት ናት።

«ብየዳው ሞልቷል» አለችኝ። «እንሰት ማቀነባበር ላይ አንድ ቦታ አለ። አብረውህ የሚሆኑት አራቱ ሴቶች ናቸው።»

ወደ በሩ አየሁ።

«ምነው? ምግብ አይደል እንዴ?»

ምን ብዬ ላስረዳት? «ማሽን አለው?» አልኳት።

«አለው እንጂ! በመብራት የሚሠራ፣ አዲስ።»

ይሁን አልኩ። በልቤ ያሰብኩት፣ ማሽን ከሆነ የወንድ ነው ብዬ ነው። እጄ ልጣጩን እስካልነካ፣ ቁልፍ ተጭኜ ሞተር እስካስነሳሁ ድረስ ማን ምን ይለኛል? እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚሠራው የእኛ አገር ወንድ ብቻ ነው።

እናቴ ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ደንግጣ አፏን ያዘች፤ «ለአባትህ ብቻ እንዳትነግር!» አለችኝ። ለእሱ በቢሮው ቋንቋ «አግሮ ፕሮሰሲንግ ገባሁ» አልኩት። ቃሉ ከበደው፤ ስለከበደውም ደስ አለው። በሳምንቱ ገበያ ውስጥ «ልጄ ፋብሪካ ገብቷል» እያለ ሲያወራ ሰማሁት። ደስታው ስላሳሳኝ ተውኩት።

ሥልጠናው ላይ ግን ሒሳቤ ተበላሸ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ቡታጅራ አካባቢ ተወልዳ ወልቂጤ ያገባች የመስቃን ልጅ ናት፤ «አሰላሙ ዓለይኩም» ብላ ካልገባች ቀኑ የጀመረ አይመስለንም። ወደ ማሽኑ ስሄድ በትከሻዬ ይዛ መለሰችኝና «ወንድሜ፣ በእጅህ ያላወቅከውን በማሽን አታውቀውም፤ ቁጭ በል» አለችኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከግንዱ የተገነጠለውን ወፍራም ልጣጭ ያዘነበለ ሳንቃ ላይ አጋድሜ፣ አንድ እግሬን ከፍ አድርጌ ጫፉን በተረከዜ ረገጥኩ፤ በቀርከሃ መፋቂያም ወደ ታች እፍቅ ጀመር። ቃጫውን በጣጠስኩት። አራቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብኝ። አንዷማ «ዲግሪህ ይህን ነው የሚፍቀው?» አለችኝ።

እኔ እልኸኛ ነኝ። የሳቁብኝ ነገር ላይ አልተኛም። ወገቤ እስኪንቀጠቀጥ ተቀመጥኩበት፤ ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ከሊቀመንበሯ በቀር የሚቀድመኝ አልነበረም። ዛሬ ቡላችን ታሽጎ፣ የማኅበራችን ምልክት ተለጥፎበት፣ የወልቂጤ ሆቴሎችና የአዲስ አበባ ሱቆች ይገባል። መደርደሪያ ላይ ሳየው ቆም ብዬ የማላውቅ መስዬ ዋጋውን እጠይቃለሁ። ጉራ ከሆነም ጉራ ይሁን፤ ሠርቼ ያገኘሁት ጉራ ነው።

አባቴ የመጣው ሥራ በጀመርንበት ዓመት፣ ነሐሴ ላይ ነው። ለመስቀል የሚደርስ ቆጮ ታዘን፣ እንሰቱ ተቆርጦ ሼዱ ውስጥ ተከምሯል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ገና ማሽኑን ከማስነሳታችን መብራት ጠፋ። እንሰት ደግሞ ከተቆረጠ መብራት ኃይልን አይጠብቅም፤ ካደረ ይጠቁራል። ሊቀመንበሯ ሻሿን አጠበቀችና መሬት ተቀመጠች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እኔም የቱታዬን እግር ጠቅልዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩና መፋቅ ጀመርን።

በር ላይ ሰው ሳለ። የአባቴን ሳል ከሺህ ሳል እለየዋለሁ።

በእኛ ዘንድ ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት የሚደርስ ወንድ አስቀድሞ ይስላል፣ ከዚያም ጀርባውን ይሰጣል። ፋቂዋ እግሯን አንስታ ስለምትቀመጥ ማየት ነውር ነው። አባቴ ሁለት ጎረቤቶቹን ፋብሪካዬን ሊያሳያቸው ይዞ መጥቶ ነበር። ሦስቱም ጋቢያቸው በዝናብ እንደራሰ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው በሩ ላይ ተደረደሩ።

«እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ? ልጄ የለም እንዴ?» አለ አባቴ፣ ለዝናቡ የሚያወራ ያህል።

ሴቶቹ ወደ እኔ አዩ። አንዷ በዐይኗ የጓሮውን በር ጠቆመችኝ። በዚያ ወጥቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ዞሬ በፊት ለፊት መምጣት እችል ነበር። አባቴም ልጁ ፋብሪካ እንደገባ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ የወገብ ሕመም በጓሮ በር ሊወጣ ነው? ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም።

«አለሁ አባባ» አልኩ። «እዚህ ነኝ፤ እየፋቅሁ ነው።»

ከጎረቤቶቹ አንዱ «አዬ ጉድ!» አለ። አባቴ ማጅራቱ ብቻ ነው የሚታየኝ። እሱ ደግሞ አልተነቃነቀም።

«መኪናውስ?» አለ፤ ማሽኑን ማለቱ ነው።

«መብራት የለም።»

«እስኪመጣ አይጠበቅም?»

«ይጠቁራላ!» አልኩት። «ሥራ አይናቅም ብለህ ያሳደግከኝ አንተ ነህ አባባ። ይሄኛውን ለይተህ አልነገርከኝም።»

ይሄን ጊዜ ፈራሁ። ቃል ሳይወጣው ጓደኞቹን ይዞ በዚያ ዝናብ ቢሄድ፣ ከዚያ በኋላ ማታ ቤት እንዴት እንደምገባ አላውቅም ነበር። ሊቀመንበሯ መፋቂያዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ይዙሩ» አለችው። «ሁላችንም ቱታ ነው የለበስነው፤ ነውር የሚሆን የለም። ልጅዎን ይዩት።»

የራሰ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ያላደረገውን አደረገ፤ ዞረ። ከዘራውን ተመርኩዞ እስከ አጠገቤ መጣና ቆመ። እኔ ቀና አላልኩም። አዲስ ልጣጭ አጋደምኩ፣ በተረከዜ ረገጥኩ፣ ከላይ እስከ ታች ፋቅሁ። ነጩ ወረደ፤ ቃጫው ሳይበጠስ ቀረ። ጎንበስ ብሎ ቃጫውን አነሳ። ነጋዴ ነውና ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው በሁለት እጁ ወጠረው፣ ወደ ብርሃኑ ይዞ አየው፣ ደግሞ ወጠረው።

ወደ በሩ መለስ ብሎ ጀርባቸውን ሰጥተው የቆሙትን ጎረቤቶቹን አያቸው።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አላቸው ተቆጥቶ። «ዙሩና ልጄ ሲሠራ እዩ እንጂ!»